ጅቡ፣ ጦሩና ያላበው እጅ

ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁንም አቅርቡልኝ። የምነግራችሁ አውሬ ከሰው ጋር ይነጋገር በነበረበት፣ ዕቃም ሲጠይቁት ይመልስ በነበረበት ዘመን የሆነውን ነው። «እየሰማን ነው» ካላችሁኝ እጀምራለሁ። ዝም ካላችሁኝም እጀምራለሁ፤ ይህን ነገር ሳልናገረው ስቀር ያስፈራኛልና።

አንድ ወንዝ ነበረ። ከወንዙ ወዲህ ላይ አምባ፣ ከወንዙ ወዲያ ታች አምባ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ከብቶቻቸው አንድ ውኃ ይጠጣሉ። ልጆቻቸው ይጋባሉ። ሰው ሲሞትባቸው አብረው ያለቅሳሉ።

የላይ አምባው አለቃ ጓንጉል ይባላል። ረጋ ያለ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ለልጆቹ የሚንሰፈሰፍ ሰው ነበር። ታናሽ እህቱ ውዳላት ወንዙን ተሻግራ የታች አምባውን አለቃ ይርዳውን አግብታለች፤ አንዲት ሴት ልጅም ወልዳለታለች። ሁለቱ አማቾች በዓል በመጣ ቁጥር አንዱ ከሌላው ቤት እየበላ፣ አንዱ ሌላውን እየሸኘ ዓመታት አለፉ።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሰዎቹ ያላቸውን እየተካፈሉ ክፉውን ጊዜ ተሻገሩት። ከወንዙ ራስጌ ካለው ዋሻ የሚኖረው ጅብ ግን ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀ። ዋሻው አፍ ላይ ተኝቶ ሲያቃስት አንዲት አሮጊት አሞራ መጥታ ከድንጋዩ ላይ አረፈች።

አሞራዋ ከሩቅ ዘመን ጀምራ አወራችው። በአያቷ ጊዜ በዚህ አገር ጦርነት ተነሥቶ እንደነበር፣ ሜዳው በሬሳ ተሸፍኖ እንደነበር፣ አያቷ በልታ በልታ መብረር አቅቷት በእግሯ ስትሄድ እንደነበር ነገረችው። ጅቡ ምራቁን ዋጠ።

«ታዲያ አሁን ለምን አይዋጉም፣ እመት አሞራ?» ብሎ ጠየቃት።

«ተኝቶባቸው ነው» አለችው። «ጦርነት የሰው ተፈጥሮ ነው አያ ጅቦ። ከደሙ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ቀስቅሰው እንጂ አታስተምረውም።»

ጅቡ ደስ አለው። ተፈጥሯቸው ከሆነማ ሥራው ቀላል ነው አለ በልቡ።

መጀመሪያ በችግራቸው ገባ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከሁለት በሬ በላይ አልቀረውም። ጅቡ አንድ ምሽት የጓንጉልን አንዱን በሬ ገደለ፤ ሥጋውን በላ፤ ቆዳውንና ጭንቅላቱን ወንዙን አሻግሮ ከይርዳው በረት አጠገብ ጣለው። ሲነጋ የላይ አምባ ሰዎች የደሙን ፍለጋ ተከትለው ታች አምባ ደረሱ። አሞራዋ ከዛፍ ላይ ሆና ትጠብቃለች። ጅቡ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

ሰዎቹ ጮኹ፣ ተፋጠጡ። ከዚያ ይርዳው እጁን ዘርግቶ እኔም ቤቴም ይህን አላደረግንም ብሎ ማለ። ጓንጉል ፊቱን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። አምኖት ተመለሰ። በማግስቱ ይርዳው ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ፈትቶ ለጓንጉል ወሰደለት፤ በእነዚያ በቀሩት በሬዎች እየተጠማመዱ፣ በተራ በተራ የሁለቱንም ማሳ አረሱ።

ጅቡ ተገረመ። እንደገና ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀ።

ሁለተኛ በክብራቸው ገባ። አሞራዋን ላካት። አሞራ ከላይ ሆና ሁሉን ታያለች ስለሚባል ሰው ያምናታል። ላይ አምባ ሄዳ የታች አምባ ጎረምሶች በሠርግ ላይ የእናንተን አባቶች ፈሪዎች ናቸው ብለው ዘፈኑ አለች። ደም ፈላ። በገበያ ቀን ጎረምሶቹ ዱላ ለዱላ ተያያዙ፤ አንድ የታች አምባ ሰው ክንዱ ተሰበረ። ጅቡ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብድግ አለ።

ነገር ግን እናቶች ነጠላቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ከመካከል ገቡ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዱላ የሰነዘሩት ልጆች ራሳቸው፣ ክንዱ እስኪድን ድረስ የዚያን ሰው ማሳ እንዲያርሙ ተፈረደባቸው። ማረም ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ክንዱ ከተሰበረው ሰው ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆሎ ሲቆረጥሙ ታዩ።

ጅቡ አሞራዋን ተቆጣት። ይህ እንዴት ያለ ተፈጥሮ ነው፣ ሁለት ጊዜ ቀስቅሰነው የማይነሣው አላት። አሞራዋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ እኔ እንጃ፣ የሚያውቀውን ጠይቅ፤ ጦሩን ጠይቅ አለችው።

የጓንጉል ጦር ከቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ዝጎ፣ ሸረሪት አድርቶበት። የላይ አምባ ሰው ሁሉ ለቀብር በወጣበት ቀን ጅቡ ወደ ቤቱ ተጠጋና በግድግዳው ስንጥቅ አፉን አስገብቶ ጠራው። ከጓሮ አንድ እግሩን ያመመው የጓንጉል ውሻ ተኝቶ ነበር። ጅቡ አላየውም። ውሻው ግን ሰማ።

«አንተ ጦር» አለ ጅቡ፣ «ሰው መቼ ነው የሚያነሣህ?»

ጦሩ ቀዝቃዛ ድምፅ ነበረው። «እኔ ብረት ነኝ» አለ። «አልራብም፣ አልቆጣም። በራሴ ከዚህ ግድግዳ ወርጄ አላውቅም።»

«ሲርበው አያነሣህም?»

«ሲርበው ማጭዱን ያነሣል።»

«ሲቆጣስ?»

«ሲቆጣ ዱላውን ያነሣል። ቁጣው ቶሎ ይበርዳል።»

«ታዲያ መቼ?»

«በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ» አለ ጦሩ። «ሦስት የተለያዩ እጆች ናቸው ያወረዱኝ፤ የዚህ ሰውዬ አያት፣ አጎቱ፣ አባቱ። ሦስቱም እጆች በላብ ርሰው ነበር። ሰው እኔን የሚያነሣው ሲፈራ ነው።»

ጅቡ ሌላ አልጠየቀም። «ይህንንስ ለአሞራዬ ልንገራት፣ ልላካት» እያለ እየሮጠ ሄደ።

በዚያው ቀን አሞራዋ ከላይ አምባ ዋርካ ላይ አረፈች። ክፉ ቃል አልተናገረችም። ከላይ ሆኜ ሳይ የታች አምባ ሰዎች ጦር ይስላሉ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም አለች ብቻ። ከዚያ ወንዙን ተሻግራ ታች አምባ አረፈች። ከላይ ሆኜ ሳይ የላይ አምባ ሰዎች ጦር ይስላሉ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም አለች። ሁለቱም ውሸት ነበር። በሁለቱም መንደር ያን ቀን አንድም ጦር አልተሳለም።

ጓንጉል በመጀመሪያው ቀን አላመነም። ይርዳውን አውቀዋለሁ አለ። በሁለተኛው ቀን ምግብ አልበላ አለው። ልጆቹን ሲያይ ዓይኑ አንገታቸው ላይ ያርፋል፤ አንገታቸው ቀጭን ነው። በሦስተኛው ቀን መዘጋጀት አይጎዳም ብሎ ተነሣ። ጦሩን ከግድግዳው አወረደ፣ ሸረሪቱን ጠረገ፣ ድንጋይ ላይ ይስለው ጀመር። ሌሎችም እሱን አይተው አወረዱ።

ክርር፣ ክርር፣ ክርር።

ድምፁ በወንዙ ላይ ተሻግሮ ታች አምባ ደረሰ። ይርዳው በራፉ ላይ ቆሞ ሰማው። እሱም እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላመነም ነበር። ወደ ቤት ገብቶ የራሱን ጦር አወረደ።

ክርር፣ ክርር፣ ክርር።

ይህ ደግሞ ተሻግሮ ላይ አምባ ደረሰ። እንግዲህ የአሞራዋ ውሸት ውሸት መሆኑ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ልጆች ወደ ወንዝ መውረድ አቆሙ። ከብቱ በተለያየ ሰዓት ይጠጣ ጀመር። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ተሰባስበው ወርደው፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ቀድተው፣ ወደኋላ እየተገላመጡ ይመለሳሉ። ፍየል ብታነጥስ ሰው ይበረግጋል። ሽማግሌዎቹ እንኳ ወንዙን ተሻግሮ ለመነጋገር የሚሄድ ሲጠፋ ዝም አሉ፤ የሚሄደውን ይገድሉት ይሆናል ብለው ፈርተው።

ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ያን ጊዜ የገባው ውሻ እያነከሰ ወደ ጌታው ሄዶ የሰማውን ሁሉ ነገረው። ጅቡ መጥቶ እንደነበር፣ ጦሩ ምን እንዳለ፣ አሞራዋ የማን መልእክተኛ እንደሆነች አንድ ሳያስቀር ነገረው።

ጓንጉል እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ጣቱን ወደ ወንዙ ቀሰረ። «ስማ» አለው። ክርር የሚለው ድምፅ ከማዶ ይመጣል። «ያኔ ውሸት ነበር ይሆናል። አሁን ግን እውነት ነው። እኔ ልግደል ብዬ አልተነሣሁም። ሊገድለኝ የሚመጣውን ቀድሜ ብገድል ኃጢአት የለብኝም። ብጠብቅና ልጆቼ ቢያልቁ ማን ይቅር ይለኛል?»

«ሄደህ ጠይቀው ጌታዬ» አለ ውሻው።

ጓንጉል ወደ መሳያው ድንጋይ ተመለሰ። ውሻው ያየው የጌታውን እጅ ነበር። የጦሩ ዘንግ እርጥብ ነበር።

በዚያችው ሰዓት በማዶ፣ ይርዳው ለሚስቱ ይናገር ነበር። ልግደል ብዬ አልተነሣሁም አላት። ሊገድለኝ የሚመጣውን ቀድሜ ብገድል ኃጢአት የለብኝም አላት። ብጠብቅና ልጄ ብታልቅ ማን ይቅር ይለኛል አላት። ውዳላት ወንድሟን ከልጅነቱ ታውቀዋለች። በወዲያኛው ቤትም ይኸው ቃል እየተነገረ እንደሆነ ገባት።

ልሂድና ላናግረው ብላ ለመነችው። ይርዳው ከለከላት። መንገዱ ላይ ቢይዙሽስ፣ ቢገድሉሽስ አለ። ወንድሜ እኔን አይገድለኝም አለችው። ያም ሆኖ አልፈቀደም፤ የእሱም እጅ ልክ እንደዚያኛው ላብ አጥምቆታል።

ሊነጋጋ ሲል ከወንዙ ከባድ ጉም ተነሣ። ይርዳው መሻገሪያውን እንጠብቅ ብሎ ሰዎቹን ለመሰብሰብ ወጣ። ውዳላት ልጇን አማቷ ጎን አስተኝታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በሌላ መንገድ ወደ መሻገሪያው ወረደች። ወንድሟ ቤት ሳይነጋ ለመድረስ ነበር ሐሳቧ። ይርዳው ጦር የሚስለው አንተ ስለሳልህ ነው ልትለው ነበር። ይህችን አንዲት ቃል።

ጓንጉል ግን ቤቱ አልነበረም። እሱም መሻገሪያውን እንጠብቅ ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወርዶ ከውኃው ዳር ቆሟል። ጉሙ የገዛ እጁን እንኳ ያሳጣዋል። ከኋላው ያሉት ሰዎች ሲተነፍሱ ይሰማዋል። ከፊቱ ውኃው ይንሾካሾካል። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። እግር ነው። አንድ እግር፣ ደግሞ አንድ እግር፣ ውኃውን እየረገጠ ወደ እሱ ይመጣል።

«ጌታዬ» አለ ጦሩ በእጁ ውስጥ ሆኖ፣ «እኔ ዓይን የለኝም። አንተስ የምታየው አለ?»

ጓንጉል የሚያየው አልነበረም። ማነህ ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ያለበትን እንዳይገልጥበት ፈርቶ መልሶ ዘጋው። እግሩ አንድ ርምጃ ቀረበ። ደግሞ አንድ ርምጃ። ውሻው ሽታውን አወቀና ከኋላ ዘሎ ጮኸ።

ጦሩ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር።

«ጋሼ ነህ?» የሚል ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። ከዚያ አንድ ነገር ውኃው ውስጥ ወደቀ።

ጓንጉል እስከ ወገቡ ገብቶ አወጣት። በእጁ ላይ ሳለች ሞተች። ጩኸቱን ሰምቶ ይርዳው ከማዶ እየተንደረደረ መጣና ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች በውኃው መካከል፣ በአንዲት ሴት ሬሳ ዙሪያ ቆሙ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለ ይርዳው።

«ጦር ስትስል ሰምቼ።»

«እኔ የሳልሁት አንተ ስትስል ሰምቼ ነው።»

ተያዩ። ሁለቱ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ያን ጊዜ ይቆም ነበር ይላሉ። ብቻቸውን ግን አልነበሩም። ከኋላቸው ጉም ነበር፣ በጉሙ ውስጥ ደግሞ የፈሩ ሰዎች ነበሩ። ምንም አያዩም። ሴት ተገደለች የሚል ብቻ ሰሙ። ላይ አምባዎች ታች አምባዎች ገደሏት አሉ። ታች አምባዎች ላይ አምባዎች ገደሏት አሉ። ከአንዱ ወገን ድንጋይ ተወረወረ፤ ከየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከዚያ ሁሉም ተወረወረ።

እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ሲገፈፍ አርባ ሦስት ሰው በወንዙ ዳር ወድቆ ነበር። ይርዳው ከሚስቱ አጠገብ ተጋድሟል። የዚያን ክንዱ የተሰበረ ሰው ማሳ ያረሙት ልጆች አሉበት። ሰውየው ራሱም አለበት። የቀሩት ማን እንደሚያሳድዳቸው ሳያውቁ ወደየመንደራቸው ሸሹ።

ጓንጉል ጭኑን ተወግቶ የጎረቤቱ ሬሳ ተጭኖት ነበር። መነሣት አልቻለም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ለስላሳ የኮቴ ድምፅ ሰማ። ጅቡ ነው። ውሻው እያነከሰ መጥቶ ከሁለቱ መካከል ቆመ፤ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ቆመ።

«ውሻዬ የነገረኝ ጅብ አንተ ነህ?» አለ ጓንጉል።

«እኔ ነኝ» አለ ጅቡ።

«አንድ ነገር ንገረኝ። በተፈጥሯችን እንዲህ ሆነን ነው?»

ጅቡ ቁጭ ብሎ አሰበበት። የሚዋሽበት ምክንያት አልነበረውም፤ የፈለገውን አግኝቷል።

«አሞራዋ ተፈጥሯቸው ነው ብላኝ ነበር» አለ። «እኔም አምኛት ነበር። ግን ልጅህ ስትወለድ ጡት እንድትፈልግ ማን መከራት? ሲደክምህ እንድትተኛ ማን ለመነህ? ለዚያ ማንም አልደከመም። ለዚህ ግን እኔ መዳፌ እስኪሰነጠቅ ተመላለስሁ። ሁለት ጊዜም እንቢ አላችሁኝ።»

ጓንጉል ትንሽ ቀለል አለው። «እንግዲያ ጥፋቱ ያንተ ነው» አለ።

«ድርሻ አለኝ» አለ ጅቡ። «ግን እጅ የለኝም ጓንጉል። ጦር መወርወር አልችልም።»

ይህን ብሎ ተነሣ። ውሻውን አልነካውም፣ ጓንጉልንም አልነካውም። ከደግነት አልነበረም። ሌላ ብዙ ነበረለት።

ጓንጉል ዳነ። መራመድ ሲችል መጀመሪያ የሄደው ወደ ታች አምባ፣ ወደ ይርዳው እናት ቤት ነበር። የእህቱን ልጅ የምታሳድገው እሷ ነበረች። አሮጊቷ በሩን አልከፈተችለትም። ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ ውሎ ተመለሰ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም፣ በዓመቱም ሄደ። ሦስት ዓመት ከአጥር ውጭ ተቀመጠ። በአራተኛው ዓመት አሮጊቷ በሩን ከፈተች። ይቅር አላለችውም። እንጨት ፈልጥልኝ ብቻ አለችው። ፈለጠላት።

ዘመን አለፈና ስለዚያ ቀን በላይ አምባ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ጦር ሲስሉ ሰምተን ነው የወጣነው፣ ስለዚህ ጦርነቱ የጽድቅ ነበር አሉ። ጓንጉልን ጠየቁት። ከዚያ ጠዋት በፊት እኔ የተናገርሁትን ቃል ይርዳውም ለሚስቱ ቃል በቃል ተናግሮታል፤ እናቱ ሰምታው ነበርና ነገረችኝ አላቸው። ሁለታችንም ጻድቅ ነበርን፤ ሁለታችንም ውዳላትን ገደልናት አላቸው። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ወሬ መጣ። ከተራራው ጀርባ ያሉት ቆለኞች ጦር ይስላሉ ተባለ። ወሬውን ማን እንዳመጣው አልታወቀም። እንደገና ልጆች ከደጅ ጠፉ። እንደገና ሰዎች ግድግዳቸውን ማየት ጀመሩ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ቢመጡስ፣ አንገታችንን እንስጣቸው ወይ ብሎ ጓንጉልን ጠየቀው።

«አትስጡ» አለ ጓንጉል። «ልጆቼን ሊያርድ የቤቴን በር የሚሰብር ቢመጣ ደጄ ላይ እቆማለሁ፤ አምላክም የሚፈርድብኝ አይመስለኝም። በዚያ ቀን ግን እኔ ደጄ ላይ አልነበርሁም። መሻገሪያው ላይ ነበርሁ፤ በጉም ውስጥ፣ ያላየሁትን ሰው ልወጋ።»

ከዚያ በትሩን ብቻ ይዞ ተራራውን ወጣ። ልክ እንደዚያ ቀን ፈርቶ ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ ቀን ይበልጥ። ቅጠል ሲንቀሳቀስ ይቆማል። ሁለት ጊዜ ዞሮ ሊመለስ ቃጣው። የሚያነክስ እግሩን እየጎተተ በሦስተኛው ቀን ቆላ ወረደ።

በመንደሩ መግቢያ ጋሻና ጦር የያዙ ሰዎች ተኮልኩለው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ልጆቻቸው አይታዩም። ጦራቸውን ወደ ደረቱ አቀኑ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ወጣችና ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰዎችህ ሊመጡብን ነው?» አለችው።

«አይመጡም» አለ ጓንጉል። «እናንተስ?»

«እኛ የት እንሄዳለን?» አለች ሴትዮዋ።

ጓንጉል በትሩን አስተኝቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹም አንድ በአንድ፣ ጦራቸውን እያስተኙ፣ ዙሪያውን ተቀመጡ። በዚያ ዓመት በዚያ አገር በብረት የሞተ ሰው የለም።

የሰማሁትን አደረስኋችሁ፤ አፌን ዘጋሁ፣ ጆሯችሁንም መለስሁላችሁ። ይህችን ግን ያዙልኝ። ጦርነት ከሰው ጋር አይወለድም፤ ፍርሃት ግን ይወለዳል። ፍርሃቱን በጦር ጫፍ አድርጎ የሚልክ ሰው ማንን እንደገደለ ጉሙ ሲገፈፍ ያውቃል። ፍርሃቱን ተሸክሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን፣ በመጨረሻ ልክ እንደ እሱ የፈራ ፊት ያገኛል።